ከሐረጎ ቁልቁለት እስከ ቆቦ እሾህ፦ የሳይክልና የብረት ጥያቄዎቻችሁ

ሰላም ወዳጆቼ። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ በየጓዳው የተቀመጡ ሳይክሎች ይወጣሉ። ጥያቄውም አብሮ ይመጣል። ዛሬ ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከወልዲያ፣ ከከሚሴና ከቆቦ የደረሱኝን መርጫለሁ። ረጅም የነበሩትን አሳጥሬያቸዋለሁ።

ብዙዎቻችሁ አንድ ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ የምትፈልጉት መዶሻ ነው፤ ካልሆነም በያጅ። እኔ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። እጃችሁን ከመሰንዘራችሁ በፊት ዕቃው ከምን እንደተሠራና ለምን እንደተበላሸ እዩ። ብዙ ዕቃ የሚበላሸው በእርጅና ሳይሆን በጥገና ነው።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሳይክል እመላለሳለሁ። ሐረጎን ስወርድ ፍሬኑ ይጮሃል። ታች ስደርስ ደግሞ ጭራሽ መያዝ ይተዋል። የፍሬኑን ጎማ ቀየርኩት፤ ለውጥ የለውም። (ከደሴ፣ ሆጤ)

ይሄን ያስቀደምኩት የሕይወት ጉዳይ ስለሆነ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ። ስለዚህ በአንድ ጉዞ 600 ሜትር ገደማ ቁልቁል ትወርዳለህ። አንተና ሳይክልህ 80 ኪሎ ብትመዝኑ፣ ከዚያ ከፍታ ስትወርዱ የሚወጣው ጉልበት ከአንድ ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከፊሉን ነፋሱ ይወስድልሃል። የቀረው ሙቀት ሆኖ የሚያርፈው ጎማው የሚገጠምበት ክብ ብረት፣ ማለትም ቸርኬውና የፍሬኑ ጎማ ላይ ነው።

ስለዚህ ፍሬኑን ከላይ እስከ ታች ጨብጠህ አትውረድ። ጠንከር አድርገህ ያዝ፣ ፍጥነቱን ስበር፣ ከዚያ ልቀቀው። በለቀቅክባት ቅጽበት ቸርኬው ይቀዘቅዛል። ፍጥነት የሚቀነሰው ከኩርባው በፊት እንጂ ኩርባው ውስጥ ከተገባ በኋላ አይደለም። መሀል ላይ ቆም ብለህ አሳርፈው። ቸርኬውን ግን በጣትህ እንዳትነካው፣ ያቃጥላል። ሲግል የውስጡ አየር ይወጠራል፤ የተለጠፈ ከመነዳሪ (የውስጥ ጎማ) ካለህ ማስቲሹ ይላላል። ቁልቁለት ላይ ድንገት የሚፈነዳ ጎማ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚመጣው።

አሁን ወደ ጩኸቱ። የፍሬኑን ጎማ ፈትተህ ፊቱን እየው። እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ከሆነ በሙቀት ደርቋል ማለት ነው። ብርጭቆ ወረቀት መሬት ላይ ዘርግተህ ብልጭታው እስኪጠፋ ፈትገው። ውስጡ የተሰነቀሩ የአሉሚኒየም ፍንጣሪዎች ታገኛለህ፤ በመርፌ ንቀላቸው። ቸርኬህን የሚበሉት እነሱ ናቸው። ቸርኬውንም በሳሙናና በውሃ እጠበው። አንድ ጠብታ ዘይት እንኳ ካለበት አዲስ ጎማ ብትገጥምም ዋጋ የለውም፤ ያንተም ችግር ይሄ ሊሆን ይችላል። መልሰህ ስታስር የፍሬኑ ጎማ የፊተኛው ጫፍ ቀድሞ ቸርኬውን እንዲነካ፣ የኋለኛው ጫፉ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ራቅ እንዲል አድርግ። ቁራጭ ካርቶን ከኋላው ጫፍ ስር አስገብተህ ብሎኑን ብታጠብቅ ልክ ይመጣል። ጩኸቱ በዚህ ብቻ የሚጠፋበት ጊዜ ብዙ ነው።

ብዙ ሰው የፊቱን ፍሬን ይፈራል። ይበልጥ የሚያቆመው ግን እሱ ነው፤ ፍሬን ሲያዝ ክብደታችሁ ወደ ፊት ስለሚሄድ። ሁለቱንም ያዝ፣ ወገብህን ወደ ኋላ ሳብ አድርግ። ካቦውንም (የፍሬኑን ሽቦ) ከመያዣው ስር ተመልከት። አንዲት ክር ተበጥሳ ካገኘህ ዛሬውኑ ቀይረው፤ ነገ አትበል። ቸርኬህ የድሮው የሚያብለጨልጭ ብረት ከሆነ ደግሞ በዝናብ ሐረጎን አትውረድ። እርጥብ ብረት ላይ የፍሬን ጎማ አይዝም። ገፍተህ ውረድ።

የባጃጄ የፍሬን ዘይት ሲጎድል ትንሽ የሞተር ዘይት ብጨምርበት ይጎዳል? (ከኮምቦልቻ)

አዎ፣ በጣም። የሞተር ዘይት የፍሬኑን ውስጥ ጎማዎች ያሳብጣቸዋል። መጀመሪያ ፍሬኑ ይይዝና አይለቅም፤ በኋላ ጭራሽ አይይዝም። ጨምረህ ከሆነ አትንዳው። ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ይውጣ፣ ይታጠብ፣ ጎማዎቹም ይቀየሩ።

ሌላም ነገር አለ። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን የሚፈላው ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው። ውሃ ሲጠጣ ግን እስከ 140 ይወርዳል። ቁልቁለት ላይ ከፈላ እንፋሎት ይፈጥራል፤ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይገባና የሚይዝ ነገር ታጣለህ። በየሁለት ዓመቱ አስቀይረው። የጎደለው ለምን እንደጎደለም አስፈልግ፤ የፍሬን ዘይት ካልፈሰሰ ወይም የፍሬኑ ሸራ ካላለቀ በቀር አይጎድልም።

አባቴ ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት አምጥተው የሳይክሌን ካቴና ይቀቡልኛል። ጥሩ ነው? (ከሐይቅ፣ ተማሪ)

አባትሽ ካቴና ደርቆ መሄድ እንደሌለበት ማወቃቸው ትክክል ነው። ዘይቱ ግን ይለወጥ። የተቃጠለ ዘይት ከሞተር የተፋቀ የብረት ብናኝ አለበት። የሐይቅ መንገድ አቧራ ሲጨመርበት ካቴናሽን ቀን ከሌት የሚሞርድ ነገር ይሆናል። ለቆዳም ጥሩ አይደለም።

ካቴናውን በነጭ ጋዝና በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ እጠቢው፣ በደንብ ይድረቅ። ከዚያ ንጹሕ የስፌት መኪና ዘይት በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ አንዳንድ ጠብታ። ፔዳሉን ወደ ኋላ እያዞርሽ ጥቂት ቆይና ላዩን በጨርቅ ጥረጊው። ዘይት የሚያስፈልገው ውስጡ ነው፤ ላዩ ላይ የቀረው አቧራ ከመሰብሰብ በቀር ጥቅም የለውም። ዘይቱ ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ይደገም፣ በተለይ ከዝናብ በኋላ።

የካቴናውን ማለቅ ለማወቅ ሜትር በቂ ነው። ከአንድ ፒን መሀል ጀምረሽ 24 መገጣጠሚያ ቁጠሪ። አዲስ ካቴና ላይ ልክ 30.48 ሴንቲ ሜትር ነው። 30.64 ከደረሰ ካቴናውን ቀይሪ። 30.8 ካለፈ ግን የሚዞርባቸውን ጥርሶችም በልቷል፤ አዲስ ካቴና ብቻውን ቢገጠም ይዘላል።

የግራው ፔዳል በየጊዜው እየላላ ይወልቃል። ላስበይደው? (ከወልዲያ)

በፍጹም አታስበይደው። የግራ ፔዳል የብሎን ጥርሱ ተገላቢጦሽ ነው። የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው። የተሠራውም ሆን ተብሎ ነው፤ እንደ ቀኙ ቢሆን ስትነዳው ራሱን ይፈታ ነበር። ለማስታወስ ቀላል ነው፦ ቁጥር 15 ኪያቤ አስገብተህ እጀታው ወደ ላይ ከቆመ፣ ወደ ፊት ጎማ መግፋት ሁለቱንም ፔዳሎች ያጠብቃል፣ ወደ ኋላ መሳብ ሁለቱንም ይፈታል።

ፔዳሉ ላይ «ኤል» ወይም «አር» የሚል የፈረንጅ ፊደል ተቀርጿል። አንደኛው የግራ፣ ሁለተኛው የቀኝ ነው። ሰው አምታቶ ገጥሞልህ ከሆነ ፔዳሉ የሚገባበት የክንዱ ጥርስ ተበልቷል። ያኔ መፍትሔው ቶርኖ ቤት ሄዶ ሙሽ (አዲስ ጥርስ ያለው የብረት ቀለበት) ማስገባት ወይም ክንዱን መቀየር ነው። አዲሱን ስትገጥም ጥርሱን ግራሶ ቀባው፤ የመጀመሪያዎቹን ዙሮች በጣትህ ብቻ አስገባ።

የስፌት መኪናዬ ከበደኝ። የምግብ ዘይት ጠብ ጠብ ባደርግበት ለአንድ ሳምንት ሄደና ባሰበት። (ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ)

አብሽሪ እህቴ፣ መኪናሽ አልተበላሸም። የምግብ ዘይት አየር ሲነካው እንደ ሙጫ ይጠነክራል። መጥበሻ ዳር ላይ የሚቀረውን ቡናማ ነገር ታውቂዋለሽ፤ እሱ ነው አሁን መኪናሽ ውስጥ ያለው። ነጭ ጋዝ በየቀዳዳው ጠብ አድርጊ፣ እሳት ካለበት ራቂ፣ ክር ሳይኖረው በእጅሽ አሽከርክሪ። ቡናማ ፈሳሽ ይወጣል። እስኪጠራ ድገሚው። ከዚያ እውነተኛውን የስፌት መኪና ዘይት ጨምሪና መጀመሪያ ብጣሽ ጨርቅ ስፊበት፣ የደንበኛ ልብስ እንዳይበላሽ።

ጋልቫናይዝድ ቧንቧ ስበይድ ውዬ ማታ ያንቀጠቅጠኛል። ወባ መስሎኝ ተመረመርኩ፣ የለብህም ተባልኩ። ጓደኞቼ ወተት ጠጣ ይላሉ። (ከኮምቦልቻ፣ በያጅ)

ወንድሜ፣ መመርመርህ ጥሩ ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ ትኩሳት ሁሉ መመርመር አለበት። የምትነግረኝ ግን የዚንክ ጭስ ሕመም ነው የሚመስለው። ጋልቫናይዝድ ማለት ብረት ላይ ዚንክ የተለበጠበት ነው። ዚንክ በ907 ዲግሪ ገደማ ይተናል፤ የብየዳው እሳት ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ያ የምታየው ነጭ ጭስ የተቃጠለ ዚንክ ነው። ከተነፈስከው ከሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ ይልሃል፣ ያተኩስሃል፣ አፍህ ብረት ብረት ይላል፣ ይጠማሃል። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይተዋል። ከእረፍት በኋላ በመጀመሪያው የሥራ ቀን ይብሳል፤ ሰውነት በሥራ ቀናት የሚላመደውን በእረፍት ይረሳዋልና።

ወተቱን ከወደድከው ጠጣው፤ መድኃኒት ግን አይደለም። ወተት ወደ ሆድ ነው የሚሄደው፣ ጭሱ ያለው ሳንባ ውስጥ ነው። አፍ ላይ የሚጠመጠም ሻርፕም ይሄን ጭስ አያግደውም። የሚጠቅምህ ይሄ ነው፦ ከምትበይድበት መስመር ግራና ቀኝ አራት አምስት ሴንቲ ሜትር ዚንኩን በሞረድ ወይም በመፍጫ ግፈፈው፣ ጥቁሩ ብረት እስኪታይ። ደጅ ሥራ። ነፋሱ ከጎንህ ይምጣ፣ ራስህን ከጭሱ በላይ አታድርግ። ሥራው ሲያልቅ የተገፈፈውን ቦታ አንቲረስት ቀባው፣ አለበለዚያ ዝገቱ ከዚያ ይጀምራል። ትንፋሽ ካጠረህ ወይም ከሁለት ቀን በላይ ካልተወህ ጤና ጣቢያ ሂድ፣ በምን ላይ ስትሠራ እንደዋልክም ንገራቸው።

የሳይክሌ ቴላዮ (ዋናው አጽሙ) ተሰነጠቀ። ማስበየድ ይቻላል? (ከደሴ)

ከተበላሸ ስፒከር ማግኔት አውጥተህ አስጠጋው። ካልያዘው አሉሚኒየም ነው፤ እርሳው። አሉሚኒየም ሲበየድ ዙሪያው ጥንካሬውን ያጣል፤ ከጎኑ መልሶ ይሰነጠቃል። ማግኔቱ ከያዘው ብረት ነው፣ ተስፋ አለ። የሳይክል ቱቦ ግን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ቢወፍር ነው፤ ለበር የሚሠራ በያጅ በኤሌክትሪክ ብየዳ ይበሳዋል። በጋዝና በነሐስ የሚሠራ ፈልግ። ነሐስ በ900 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፣ ብረቱ እስከ 1,500 ድረስ ይችላል፤ ስለዚህ ቱቦው ሳይቀልጥ ይያያዛል። የተሰነጠቀው የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ ከሆነ ግን ብረትም ይሁን አሉሚኒየም አይበየድም፣ ይቀየር። እሱ ሲሰበር በፊትህ ነው የምትወድቀው።

ከወንድሜ የወረስኩት ሳይክል መቀመጫው ዝቅ ብሎብኝ ጉልበቴን ያመኛል። ከፍ ላድርገው ብል አልነቃነቅ አለ። (ከከሚሴ)

የመቀመጫው ዘንግ አሉሚኒየም፣ ቴላዮው ብረት ሳይሆን አይቀርም። ሁለት የተለያዩ ብረቶች በእርጥበት ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ይበላል፤ የሚፈጠረው ነጭ ዱቄት ቦታውን ያጣብበዋል። በመዶሻ አትምታው፣ በእሳትም አታሙቀው። አሉሚኒየም በሙቀት ከብረት እጥፍ ገደማ ስለሚሰፋ ብሶ ይጣበቃል።

ማጥበቂያውን ፍታ። ናፍጣና ቀጭን ዘይት ቀላቅለህ ዙሪያውን ጠብ ጠብ አድርግና አሳድረው፤ ሁለት ሦስት ሌሊት ቢሆን ይሻላል። ከዚያ ዘንጉን በበረዶ አቀዝቅዘው፣ ሳይክሉን ጓደኛህ ይያዝልህ፣ አንተ መቀመጫውን ይዘህ ግራና ቀኝ ጠምዝዘው። ወደ ላይ መሳብ ቆይቶ ነው፤ መጀመሪያ ይዙር። ሲወጣ በብርጭቆ ወረቀት አጽዳ፣ ግራሶ ቀብተህ መልስ። ልኩ ተረከዝህ ታች በደረሰው ፔዳል ላይ ሲያርፍ እግርህ ቀጥ የሚልበት ነው። ዘንጉ ላይ ካለው የመጨረሻ ምልክት በላይ ግን አታውጣው።

የበር ቁልፋችን ዘይት ባደረግንበት ቁጥር ይብስበታል። (ከኮምቦልቻ)

ዘይቱ አቧራ ይሰበስባል። እርሳስ ሞርዳችሁ ጥቁሩን ዱቄት በቁልፉ ጥርስ ላይ አድርጋችሁ ገባ ወጣ አድርጉት። በቃ።

እሾህ አስቸገረኝ። ጎማዬ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይተነፍሳል፣ የተለጠፈውም ይላቀቃል። (ከቆቦ)

የግራር እሾህ አገር ስለሆነ እሾህን ማማረር አይገርምም። ግን ሁሉም ቀዳዳ የእሾህ አይደለም። ጎማውን ስትፈታ ከመነዳሪውን ከነቫልቮላው አቅጣጫ ሳታዛባ አውጣው፣ ንፋና ውሃ ውስጥ አስገባው። ቀዳዳው ውጭ በኩል ከሆነ እሾሁ ምናልባት እስካሁን ውጭኛው ጎማ ውስጥ አለ። በጣትህ አትፈልገው፤ ጨርቅ ዙሪያውን ጎትት፣ የሚይዘው ቦታ ላይ ታገኘዋለህ። ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን ከሆኑ አየሩ አንሶህ ድንጋይ መትተሃል። ጎማው ጎን ላይ በፒኤስአይ (በአየር ግፊት መለኪያ) ስንት እንደሚነፋ ተጽፏል፣ ያንን ጠብቅ። ቀዳዳው ወደ ቸርኬው በኩል ከሆነ ደግሞ የሽቦ ጫፍ ነው የወጋህ፤ ከአሮጌ ከመነዳሪ ቀጭን ቅዳጅ ቆርጠህ ቸርኬውን ዙሪያውን አልብሰው።

መላቀቁ የችኮላ ነው። ከለጣፊው ሰፋ አድርገህ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው፣ ብልጭታው ይጥፋ። ማስቲሹን ስስ አድርገህ ቀባና ተወው። እርጥብ እያለ ከለጠፍከው ነው የሚላቀቀው። አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቅ፤ ላዩ ሲደበዝዝና እርጥበቱ ሲጠፋ ለጥፈህ በማንኪያ ጀርባ ከመሀል ወደ ዳር ደህና አድርገህ እሸው። ጎሚስታው ቸኩሎ ከሆነ እዚያው ቆመህ እስኪደርቅ እንዲጠብቅ ለምነው።