220 ቮልቱ የሚያበቃው የት ነው?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን የአንድ ሕንፃ አስተዳደር ሠራተኛ ነኝ። 32 የውጭ ካሜራ ለመግዛት ጨረታ ልናወጣ ነው። ከድሮ ሰነድ የወሰድነው ስፔሲፊኬሽን «አይኢሲ 60950-1 ያሟላ» ይላል። ዋጋ የጠየቅናቸው ሦስት አቅራቢዎች አንዱ 62368-1 አለው፣ ሌላው ሲኢ አለው፣ ሦስተኛው ደግሞ አይፒ67 ነው አሉን። የትኛው ነው ትክክለኛው የኤሌክትሪክ ደኅንነት ደረጃ?

መልስ፦ የመጀመሪያው አቅራቢ ያለው 62368-1 ነው፤ ግን ብቻውን አይበቃም።

አይኢሲ (ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን) ካወጣቸው ደረጃዎች 60950-1 የኮምፒውተርና የቢሮ ዕቃዎች ደረጃ ነበር፤ ለቴሌቪዥንና ለድምፅ ዕቃዎች ደግሞ 60065 ነበር። ሁለቱንም 62368-1 ተክቷቸዋል፤ በአውሮፓ የሽግግሩ ጊዜ ያለቀው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ (ዲሴምበር) 20 ቀን 2020 ነው። ዛሬ 60950-1 ብቻ የሚያሳይ ዕቃ ከመጣልዎ ብዙ ጊዜ የከረመ ክምችት ነው፤ አለዚያም ወረቀቱ ከሌላ ሞዴል የተወሰደ ነው። ድሮ የውጭ ዕቃ 60950-22 የሚባል ተጨማሪ ክፍል ነበረው፤ ያ አሁን በ62368-1 ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ ሰነዱ ላይ «አይኢሲ 62368-1፣ የ2018 ወይም የ2023 እትም፣ ለውጭ አገልግሎት የተፈተሸ» ብለው ይጻፉ።

ሲኢ ዕቃው የአውሮፓን ሕግ ያሟላል ለማለት አምራቹ ራሱ የሚለጥፈው ምልክት ነው። በዚያ ላይ የአውሮፓው የዝቅተኛ ቮልቴጅ ሕግ የሚጀምረው ለዲሲ ከ75 ቮልት፣ ለኤሲ ከ50 ቮልት በመሆኑ፣ ዋይፋይ በሌለው ባለ 12 ቮልት ካሜራ ላይ ያለ ሲኢ ያንን ሕግ አይመለከትም። አይፒ67 ደግሞ አቧራ እንደማይገባና 1 ሜትር ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ቢቆይ እንደማይጎዳ ይናገራል እንጂ ስለ መንዘርም ሆነ ስለ እሳት አይናገርም። ለዝናብ ያስፈልግዎታል፤ ግን ሌላ መስመር ላይ ይጻፉት።

ዋናው ቁም ነገር ያለው ግን ካሜራው ላይ አይደለም። በፒኦኢ የሚሠራ ካሜራ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩንም በኔትወርክ ኬብሉ የሚቀበል፣ ኬብሉ ላይ የሚያገኘው ከ57 ቮልት ዲሲ አይበልጥም፤ 62368-1 ደግሞ እስከ 60 ቮልት ዲሲ ያለውን ሰው ቢነካው የማይጎዳ ደረጃ ውስጥ ያስገባዋል። 220 ቮልቱ የካሜራዎቹ ኬብሎች የሚሰኩበት የኔትወርክ ስዊች ጋ ያበቃል። ስለዚህ ሰርተፊኬት የሚጠየቀው በመጀመሪያ ለስዊቹ ነው። ካሜራዎቹ ባለ 12 ቮልት ከሆኑ ግን 220 ቮልት የሚገባባቸው 32 አዳፕተሮች አሉዎት ማለት ነው። አቅራቢው የሚያሳይዎት ወረቀት የካሜራው፣ ካርቶን ውስጥ የሚገባው አዳፕተር ደግሞ ከየትም የተገዛ ሊሆን ይችላል። ስፔሲፊኬሽኑ ላይ አዳፕተሩን በራሱ የሞዴል ቁጥር ለይታችሁ፣ በአይኢሲ ሥርዓት ዕውቅና ያለው አካል የሚሰጠው የሲቢ ሰርተፊኬትና ሙሉ የፍተሻ ሪፖርቱ ይቅረብ በሉ። በወረቀቱና በአዳፕተሩ ጀርባ ያለው የሞዴል ቁጥር እስከ መጨረሻዋ ፊደል አንድ መሆን አለበት።

እናንተ አካባቢ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ደረጃው አምራቹ ሌላ ካልገለጸ በቀር ዕቃው እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ እንደሚሠራ ይወስዳል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ናት፤ አዲስ አበባም ቢሆን ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ሲሳሳ ብልጭታ በቀላሉ ይዘላል። ስለዚህ አዳፕተሩ ውስጥ በ220 ቮልቱና በ12 ቮልቱ ወገን መካከል ያለው የአየር ክፍተት መስፋት አለበት፤ ለ3,000 ሜትር 1.14 እጥፍ። ሪፖርቱ ፊት ገጾች ላይ የሥራ ከፍታ የሚል መስመር አለ፤ «5,000 ሜትር» የሚለውን ይምረጡ። ብዙ የቻይና አምራቾች በአገራቸው ደንብ ምክንያት ለ5,000 ያስፈትሻሉና ማግኘቱ አይከብድም። ጀርባው ላይ ተራራና «2000 ሜትር» የሚያሳይ ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት ያለበት አዳፕተር ግን ለናንተ አይሆንም።

አቅራቢው በ32 አዳፕተር ፈንታ አንድ ባለ 12 ቮልት 30 አምፔር ሴንትራል ፓወር ሰፕላይ ላስገባ ሊል ይችላል። 12 ቮልት አይነዝርም፤ ያቃጥላል ግን። 360 ዋት ቀጭን የካሜራ ሽቦ ላይ ሾርት ሲያደርግ ሽፋኑ ይቀልጣል። ደረጃው ኃይሉ የተገደበ የሚለው ምንጭ ከ100 ዋት አያልፍም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ መውጫ የየራሱ የ1 ወይም የ2 አምፔር ፊውዝ ያለው ሳጥን ካልሆነ አይቀበሉ። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ የ220 ብሎኖቹ ደጅ የሚታዩት ዓይነት ደግሞ የሚቆለፍ ሳጥን ውስጥ ካልገባ ጭራሽ አይሆንም።

ጥያቄ፦ የካሜራችንን ሬከርደር ስነካው እጄን ይነዝረኛል። ካሜራዎቹ ግን በደንብ ይሠራሉ። ዕቃው ተበላሽቷል?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸው ሶኬትዎ ነው። ባለ ብረት ሳጥን ሬከርደር ባለ ሦስት እግር ገመድ ካለው፣ ደኅንነቱ የተመሠረተው በኧርዝ (ወደ መሬት በሚወርደው ሽቦ) ላይ ነው። ውስጡ ያሉት የማጣሪያ ካፓሲተሮች ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ ሳጥኑ ያሳልፋሉ፤ ኧርዝ ካለ ወደ መሬት ይወርዳል፣ ከሌለ ሳጥኑ ግማሽ ቮልቴጅ ገደማ ይዞ ይቆያልና ይነዝራል። ጉዳዩ መንዘሩ ብቻ አይደለም፤ ነገ ውስጡ ያለው ፌዝ ከሳጥኑ ጋር ቢገናኝ ብሬከሩን የሚያስጥል መንገድ የለም። ኤሌክትሪሺያን በመልቲሜትር በፌዝና በኧርዝ መካከል ይለካ፤ 220 አካባቢ ካላሳየ ኧርዙ የለም ወይም ተቆርጧል። ሁለት እግር ያለው ዲቫይደር ከሆነ መሃል ላይ የገባው፣ መጀመሪያ እሱን ያውጡ። ኧርዙን ከኒውትራል ጋር ሶኬት ላይ ማገናኘት ግን አደገኛ ነው፤ ኒውትራሉ ከበላይ ቢቆረጥ ሳጥኑ ሙሉ 220 ይይዛል።

ጥያቄ፦ ከአዳፕተሩ 80 ሜትር ርቆ የተሰቀለው ካሜራ ቀን ይሠራል፣ ማታ ይጠፋል። ባለሙያው አዳፕተሩን በ18 ቮልት እንቀይረው ይላል። ልስማማ?

መልስ፦ አይስማሙ። የኔትወርክ ኬብል አንድ ሽቦ በ100 ሜትር 8.4 ኦም ገደማ አለው። 80 ሜትር ሄዶ ሲመለስ 160 ሜትር ነው፤ 13.4 ኦም። ማታ የኢንፍራሬድ መብራቱ ሲበራ ካሜራው ግማሽ አምፔር ቢስብ 6.7 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፤ ከ12 ቮልቱ ካሜራው ጋ የሚደርሰው 5.3 ብቻ ነው። ኬብሉ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ ይብሳል። 18 ቮልት ቢሰጡት ቀን መብራቱ ሲጠፋ የሚስበው ስለሚቀንስ ቮልቴጁ ካሜራው ላይ ይወጣል፤ ለ12 ቮልት የተፈተሸውን ዕቃ ከተፈተሸበት ውጪ እየመገቡት ነው።

ካሜራው ፒኦኢ ከተቀበለ በዚያው ኬብል ፒኦኢ ይጠቀሙ፤ በ48 ቮልት ያው 6 ዋት የሚስበው 0.125 አምፔር ስለሆነ፣ ፒኦኢም ለመሄጃውና ለመመለሻው ሁለት ሁለት ሽቦ ስለሚጠቀም፣ መንገድ ላይ የሚጠፋው 1 ቮልት አይሞላም። ካልተቀበለ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ገመድ ለብቻው ይዘርጉ፤ ወደ 11 ቮልት ይደርስለታል።

ጥያቄ፦ እህቴ ከአሜሪካ የላከችልኝ ካሜራ አዳፕተሩ ላይ ዩኤል የሚል ምልክት አለ። አዲስ አበባ ልሰካው?

መልስ፦ ዩኤል የአሜሪካ የደኅንነት ፈታሽ ድርጅት ምልክት ነው፤ ጥሩ ነው፤ ግን መጀመሪያ ከሥሩ ያለውን መግቢያ ያንብቡ። «100–240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ» ካለ ይሰኩት። «120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» ብቻ ካለ አይሰኩት፤ ካሜራው ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፔር አይተው ተመሳሳይ መውጫ ያለው ሌላ አዳፕተር ይግዙ። ሁለቱ ጠፍጣፋ እግሮቹ በሚወላገድ መቀየሪያ ላይ ለዓመታት የሚሰኩ አይደሉም፤ በላላው በኩል ብልጭ እያለ ፕላስቲኩን ያከስለዋል።