ጦስኝና ነጭ ሽንኩርት አንቲባዮቲክን ይተካሉ? ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

መድኃኒት ስለተላመዱ ባክቴሪያዎችና ስለ ዕፅዋት ብዙ ጠይቃችኋል። ሥራዬ ላብራቶሪ ነው፣ በቀጥታ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጦስኝ ባክቴሪያ ይገድላል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ላብራቶሪ ውስጥ አዎ። ዘይቱ ውስጥ ያሉት ቲሞልና ካርቫክሮል የባክቴሪያውን ሽፋን ያበላሹታል። ጣጣው መጠኑ ላይ ነው። ባክቴሪያ ያደገበት ሳህን ላይ ዘይቱን ጠብ ስናደርግ ዙሪያው ይጸዳል፣ ግን ያን ያህል ደምህ ውስጥ እንዲገኝ ስንት ልትጠጣ ነው? በረኪናም እኮ ሳህኑ ላይ ያለውን ሁሉ ይገድላል። ሻዩን ለጣዕሙ ጠጣው፣ ይጣፍጣል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን እወስዳለሁ። ነጭ ሽንኩርት በየቀኑ በጥሬው ብበላስ?

መልስ፦ አባቴ፣ ሐኪምዎን ሳያማክሩ አይጀምሩ፣ መድማት ሊያባብስ ይችላል። ባክቴሪያ የሚገድለው አሊሲን የሚፈጠረው ሽንኩርቱ ሲደቆስ ነው፣ ሲበስል ይጠፋል፣ በጥሬው ቢበሉትም ደም ውስጥ አይቆይም።

ጥያቄ፦ የወባ መድኃኒቱ አርቴሚሲኒንስ ከቅጠል አይደል የተገኘው?

መልስ፦ ነው፣ ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩም በ2015 ኖቤል ተሸልማበታለች። ግን አንደኛ፣ የወባ ተህዋስ ባክቴሪያ አይደለም። ሁለተኛ፣ እሷ ቅጠሉን ቀቅላ አላጠጣችም፤ ሙቀቱ ኃይሉን ስለሚያጠፋው ብዙ ሙቀት በማይፈልግ ኤተር በሚባል ፈሳሽ አወጣችው፣ ከዚያ ንጥረ ነገሩ ተለይቶ፣ መጠኑ ተለክቶ፣ በሰው ላይ ተሞክሮ ነው መድኃኒት የሆነው። አሁን ደግሞ ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ወባው እየተላመደው ነው። «ከዕፅዋት ስለሆነ አይላመዱትም» የሚላችሁን አትስሙ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ተስፋ የለውም በለና!

መልስ፦ አለው እንጂ! እኔን የሚያጓጓኝ ግን መተካቱ ሳይሆን ማገዙ ነው። ብዙ ባክቴሪያዎች የገባባቸውን መድኃኒት መልሶ የሚተፋ ፓምፕ አላቸው። ከአንዳንድ ዕፅዋት የሚገኘው ቤርቤሪን ብቻውን ደካማ የሆነው ለዚህ ነው፤ ስታፊሎኮከስ ኦውረስ የሚባለው ባክቴሪያ ወዲያው ያስወጣዋል። አሜሪካ ያሉ ተመራማሪዎች በ2000 ያሳዩት ነገር ደስ ይላል፦ ቤርቤሪን የሚሠሩ አንዳንድ ዕፅዋት ፓምፑን የሚዘጋ ሌላ ንጥረ ነገርም አብረው ይሠራሉ። እንዲህ ያለ አጋዥ ከአንቲባዮቲክ ጋር ተጣምሮ ሰው ላይ ቢሠራ ትልቅ ነገር ነው፣ ገና ግን ፋርማሲ አልደረሰም።

ጥያቄ፦ ሽንቴን ያቃጥለኛል፤ ዳማከሴ ልጠጣ ወይስ አሞክሳሲሊን ልግዛ?

መልስ፦ ሁለቱንም ተዪ። ዳማከሴው ለምች ይሁንልሽ፣ አሞክሳሲሊንን ደግሞ ብዙ ጊዜ የሽንት ኢንፌክሽን የሚያመጣው ባክቴሪያ ኢ. ኮላይ በብዛት ተላምዶታል። ሽንትሽን ተመርመሪ፣ ከተቻለ ካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራበት የሚያሳይ ምርመራ) ይሠራልሽ። ትኩሳት ወይም የጎን ሕመም ካለሽ፣ ወይ ነፍሰ ጡር ከሆንሽ፣ ዛሬውኑ ሂጂ።