የቬስፓ የኋላ ታምቡር አልወጣ ሲል

ጥያቄ፦ የድሮ ቬስፓ ፒኤክስ 150 እያደስኩ ነው። ሐይቁ ዳር ባለ ግቢ ውስጥ ላስቲክ ለብሶ ብዙ ክረምት ከርሟል። የኋላ ጎማውንም፣ የአክሱን ትልቅ ዳዶም ፈትቻለሁ፤ ታምቡሩ (የፍሬን ሸራው ውስጡ የሚቀመጠው ክብ ብረት) ግን ንቅንቅ አልል አለ። ጓደኞቼ በመዶሻ ምታው ይሉኛል። ልምታው? (ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ እባክዎ አይምቱት። ጠርዙን ከመቱ ታምቡሩ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። የአክሱን ጫፍ ከመቱ ደግሞ ዳዶው የሚገባበት ጥርስ ይደፈጠጣል፣ ምቱም ለኩሽኔታው ይተርፋል።

በመጀመሪያ ምን እንደያዘው ይለዩ። ታምቡሩን በሁለት እጅዎ ይሳቡት። 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ወጣ ብሎ ከቆመ የያዘው የፍሬን ሸራ ነው። ሸራው ለዓመታት ውስጡን ሲበላው ዳር ላይ ሳይበላ የቀረ ከንፈር ይኖራል፤ እዚያ ይጠለፋል። ከሞተሩ ሥር የእግር ፍሬኑን ካቦ አላልተው ክንዱን በእጅ ይመልሱት፤ ሸራዎቹ ይሰበሰባሉ። ከዚያ ታምቡሩን እያዞሩ ሲስቡት ይወጣል።

ጨርሶ ካልተነቃነቀ ግን ዝገት ነው። ታምቡሩ በአክሱ ጥርሶች ላይ ተንሸራቶ የሚገባ በመሆኑ እርጥበት በመሀል ገብቶ ሁለቱን ብረቶች ያጣብቃቸዋል። ላስቲክ ማልበስ ደግሞ እርጥበቱን አፍኖ ያስቀራል፤ በጣና ዳር ሸራ ጣሪያ ይሻላል።

ዝገት አላቃቂ ዘይት በአክሱ ዙሪያ ጠዋትና ማታ፣ ለ2 ቀን፣ በጥቂቱ ይርጩ። ከበዛ ወደ ፍሬን ሸራው ይወርዳል፤ ዘይት የጠጣ ሸራ መቀየር እንጂ መጽዳት አይሆንለትም። ቀጥሎ ትልቁን ዳዶ ከአክሱ ጫፍ ጋር እኩል እስኪሆን ብቻ ይመልሱት። ጥርሱን ይጠብቃል፣ ታምቡሩም ድንገት ሲለቅ ተወርውሮ እንዳይወድቅ ይይዘዋል።

ባለ 3 ጥፍር ፑለር (ስቦ ማውጫ መሣሪያ) ባጃጅ ጋራዦች ዘንድ ይገኛል፤ ችግሩ ስሱን ጠርዝ ይዞ መሳቡ ነው። እኛ የምንመርጠው በብየዳ ቤት የሚሠራውን ነው። ውፍረቱ 10 ሚሊሜትር የሆነ ብረት ያስቆርጡ፤ የጎማው ብሎኖች እንዲያልፉበት ያስበሱት፤ መሀሉን በስተው ባለ 16 ሚሊሜትር ዳዶ ያስበይዱበት። ብረቱን በራሳቸው በጎማው ዳዶዎች ሁሉ እኩል ያስሩና በመሀሉ ዳዶ ብሎን አስገብተው ወደ አክሱ ጫፍ ያጥብቁ። ሲከብድ ሩብ ዙር ብቻ ጨምረው ያቁሙ፤ በታምቡሩ መሀል ላይ የፈላ ውሃ ያፍስሱ። ባሕር ዳር በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው ወደ 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ይህ ሙቀት ታምቡሩን ከአክሱ ቀድሞ ያሰፋዋል፣ ኦይል ሲሉን (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደውን ቀለበት) ግን አያቃጥልም። ካልለቀቀ ይድገሙት። ሲለቅ "ጧ!" የሚል ድምፅ ይሰማሉ። የብየዳ እሳት አይጠጋው፤ የቤንዚን ታንኩ ከበላዩ ነው።

ከወጣ በኋላ አቧራውን በኮምፕረሰር አይንፉ። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት። የአክሱን ጥርሶች በሽቦ ብሩሽ ያጽዱ፤ የታምቡሩ ጥርሶች ተበልተው ከሾሉ ታምቡሩ ይቀየር። ሲመልሱት ታምቡሩ የሚገባበትን የአክሱን ጥርስ በስሱ ግራሶ ይቀቡ፣ ዳዶውን ከ90 እስከ 110 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ፣ ኮፒሊያውም (ዳዶው እንዳይላላ የሚይዘው ሽቦ) አዲስ ይሁን።

ጥያቄ፦ ታምቡሩን ሳወጣ ውስጡ በዘይት ርሷል። ከየት መጣ? (ከዘጌ)

መልስ፦ የካምቢዮ ዘይት ነው፤ የአክሱ ኦይል ሲል አልቋል። የውስጥ ስፋቱ እንደ ሞዴሉ 27 ወይም 30 ሚሊሜትር ስለሚሆን ሳይለኩ አይግዙ። ሸራዎቹንም አብረው ይቀይሩ። በመጨረሻ 250 ሚሊሊትር ባለ 30 ቁጥር ዘይት ይሙሉ።