ታንኩን ተዉትና ሰይቼንቶዋን ሥሩ

ውድ ወጣቶች፣

እኔ አርክቴክት ነኝ። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት የሕንፃ ሞዴል ስሠራና ሳሠራ ነው። አሁን ጊዜ ስላለኝ ዩቲዩብ ላይ የምትለቁትን የሞዴል ሥራ ቪዲዮ አያለሁ። ከተር ይዞ ካርቶን የሚቆርጥ እጅ ካየሁ ማለፍ አልችልም፤ ልማድ ነው። አንዳንዶቻችሁም ትጽፉልኛላችሁ። ጥያቄያችሁ ይመሳሰላል። «ጋሼ፣ ሥራዬን ያየ ሁሉ ጎበዝ ነህ ይለኛል። ግን የሚያየው ሰው የለም። ሰብስክራይበር እንዴት ላብዛ?»

ብዙ ሰው ይህን ሲጠየቅ ስለ ካሜራ፣ ስለ ተምኔል (የቪዲዮው ሽፋን ምስል)፣ ስለ አልጎሪዝም ያወራል። እሱም ቦታ አለው፤ እመጣበታለሁ። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቃችሁ ሌላ ነው። ምንድን ነው የምትሠሩት?

አብዛኞቻችሁ ታንክ ትሠራላችሁ። የጀርመን ታይገር፣ የአሜሪካ ሸርማን። ዘመድ ከውጭ የላከውን የጃፓኑን ሞዴል አምራች የታሚያን ካርቶን ትከፍታላችሁ፣ ክፍሎቹን ከፕላስቲክ ፍሬሙ ላይ እየቆረጣችሁ ታጣብቃላችሁ፣ ትቀባላችሁ። ያምራል። ነገር ግን ያንኑ ታንክ ጃፓን፣ እንግሊዝና ፖላንድ ያሉ ሰዎች ሠርተው ሠርተው ጨርሰውታል። ቀለሙን ሰፈራቸው ካለ ሱቅ ይገዙታል። ቀለም የሚረጨው ኤርብረሽም አየር የሚሰጠው ኮምፕረሰርም ጠረጴዛቸው ላይ ነው። ታይገር ማየት ያማረው ሰው እነሱ ጋ ይሄዳል። እናንተ ጋ የሚመጣበት ምክንያት የለውም።

ይህ የፕላስቲክ ሞዴል ሥራ ከመነሻውም በሌሎች አገሮች ትዝታ ላይ የቆመ ነው። የእንግሊዙ ኤርፊክስ እ.ኤ.አ. በ1949 መጀመሪያ የሠራው የፈርጉሰን ትራክተር ነበር። የእነሱ ገበሬ የሚያውቀው ትራክተር። ዛሬ ዓለም ለታንክ ሞዴል የሚጠቀምበት የ1 ለ35 ስኬልም (ሞዴሉ ከእውነተኛው 35 ጊዜ ያንሳል ማለት ነው) በጥናት የመጣ አይደለም። ታሚያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የፓንተር ታንክ ሲሠራ ሞተሩና ባትሪው ውስጡ እንዲገባ አድርጎ ለካው፤ ሲያሰሉት 1 ለ35 ሆኖ ተገኘ። እነሱ የሚያውቁትን፣ ለእነሱ በሚመች ልክ ሠሩ። ሰማያዊና ነጭ የተቀባችውን የአዲስ አበባ ታክሲ፣ ሰይቼንቶን ግን ማንም ካርቶን ውስጥ አሽጎ አይልክላችሁም።

እኔ የምለው ይህን ነው። ተመልካቻችሁን ከሞዴል ሠሪዎች መካከል አትፈልጉ። በአማርኛ የሚያይ ሞዴል ሠሪ ስንት ሊሆን ይችላል? ተመልካቻችሁ ዋናውን ዕቃ የሚያውቀው ሰው ነው። በሰይቼንቶ ተጭኖ ትምህርት ቤት የሄደ፣ አባቱ ሰይቼንቶ የነዳ፣ ጎረቤቱ ሰይቼንቶ ገፍቶ ያስነሳ። ይህ ሰው ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባው) ምን እንደሆነ አያውቅም፣ ማወቅም አይፈልግም። ታክሲዋን ግን ያያል። አይቶም ዋሽንግተን ላለችው እህቱ በቴሌግራም ይልክላታል። እሷ ደግሞ ለቤተሰቡ ግሩፕ ትልከዋለች። ከዚህ የሚበልጥ አልጎሪዝም እኔ አላውቅም።

ሰይቼንቶን እንደ ምሳሌ እንያት። ፊያት 600 ማለት ናት። ጣሊያን አገር ከ1955 እስከ 1969 እ.ኤ.አ. ተመርታለች። ሞተሯ ከኋላ ነው። ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል ልክ 2 ሜትር ነው። ጠቅላላ ርዝመቷ ወደ 3 ሜትር ከ20 ነው። በ1 ለ20 ብትሠሯት የጎማዎቿ ርቀት 10 ሳንቲም፣ ርዝመቷ 16 ሳንቲም ይሆናል። ካልኩሌተር እንኳን አያስፈልግም። በ1 ለ24 ከሠራችሁ ደግሞ ጎማና መስታወት ከሌላ የመኪና ሞዴል መዋስ ትችላላችሁ፤ የመኪና ሞዴል በብዛት የሚሸጠው በዚያ ስኬል ነውና። ለእኔ የሚጥመኝ የመጀመሪያው ነው። ወፍራም ካርቶን፣ ስቱኮ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ከምናለሽ ተራ የተለቀመ ላስቲክና ሽቦ። ይህም ራሱ ቪዲዮ ነው። የፊት መብራቱን ክብ ከምን እንዳገኛችሁት ማየት፣ ከሱቅ የመጣ ፕላስቲክ ሲጣበቅ ከማየት በብዙ ይሻላል።

አሁን ወደ ኮሜንቱ እንምጣ። ቪዲዮውን በለቀቃችሁ ማግስት አንዱ «በሯ የሚከፈተው በተቃራኒው ነው፣ አታውቁም እንዴ!» ይላችኋል። ሌላው ይነሳና «ውሸት ነው፣ እኔ ነድቻታለሁ፣ እንደ ማንኛውም መኪና ነው» ይላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። የቀድሞዎቹ ሰይቼንቶዎች በር ማጠፊያው ከኋላ በኩል ነበር፤ በ1964 እ.ኤ.አ. ገደማ ወደ ፊት ዞረ። እንግዲህ እናንተ ይህን ታውቃላችሁ፣ ተመልካቹ አያውቅም። ኮሜንት ላይ በአንድ መስመር መልሳችሁ አትገላገሉት። የሚቀጥለውን ቪዲዮ በሁለቱ በሮች ላይ ሥሩት። የተከራከሩት ሁለቱ ሰዎች ተመልሰው ይመጣሉ፤ ይህ መቼም አይቀርም። ፎቶ ያለውም ፎቶ ይዞ ይመጣል። ፎቶውን ስታሳዩ ባለቤቱን አስፈቅዱና አመስግኑ። የሰው የቤተሰብ አልበም ነው።

ሰይቼንቶ ብቻ አይደለችም። አንበሳ አውቶቡስ አለ። «ውይይት» የሚባለው ታክሲ አለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ከጣሊያን የተመለሰችው «ፀሐይ» አውሮፕላን አለች። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር እዚሁ አዲስ አበባ የሠራት፣ በ1928 ዓ.ም. የበረረች፣ በወረራው ጊዜ ተወስዳ ለብዙ አሥርት ዓመታት ጣሊያን የቆየች ናት። እዚህ የተሠራች አውሮፕላን እዚህ በሞዴል ስትሠራ ማየት የማይፈልግ ሰው ካለ አሳዩኝ።

ለገሃርም አለ። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው ባቡር ሐዲዱ አንድ ሜትር ስፋት ነበረው። ይህ ለእናንተ ትልቅ ዕድል ነው። ስዊዘርላንድ ውስጥ የአንድ ሜትር ሐዲድ ብዙ ስላለ፣ የባቡር ሞዴል ሠሪዎቹ በ1 ለ87 የሚሆን 12 ሚሊሜትር ሐዲድ አላቸው። በሱቅ ይሸጣል። የእናንተን የድሬዳዋ መስመር የስዊዙ ሰውዬም ይፈልገዋል። ስለዚህ በአማርኛ ተናገሩ፣ ከሥር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አስገቡ። ንግግራችሁን ወደ እንግሊዝኛ አትቀይሩት። የመጀመሪያዎቹን ሰዎች የሚያመጣላችሁ አማርኛው ነው።

እኔ እናንተን ብሆን ከሁሉ አስቀድሜ የምሠራው ግን ቤተ ጊዮርጊስን ነው። ቁመቷ ወደ 12 ሜትር ስለሆነ በ1 ለ100 ስኬል 12 ሳንቲም ትሆናለች። ቤተ ክርስቲያኗ ከላይ ወደ ታች እንደተፈለፈለች ታውቃላችሁ። እናንተም ከአንድ ወፍራም ፎም ከላይ ወደ ታች ፈልፍሉ። ምንም አታጣብቁ። የቆረጣችሁትን መመለስ አይቻልም። ተመልካቹ ይህን ካወቀ እያንዳንዷን የከተር ምት ትንፋሹን ይዞ ያያል። እኔ በሞዴል ቪዲዮ ላይ የማየው ትልቁ ጉድለት ይሄ ነው፤ የሚያጓጓ ነገር የለም። ሠሪው ይሠራል፣ ያልቃል፣ ቻው። ዕቃው ሊበላሽ የሚችልበት ቦታ የት ነው? እዚያ ላይ ቆዩ። ሙጫ ሲደርቅ አታሳዩን።

ስለ ቀረጻ። ስልክ ይበቃችኋል። ችግሩ ሁላችሁም ከላይ ሆናችሁ ስለምታነሱ ነው፤ ከላይ የታየ ሞዴል ሁሌም አሻንጉሊት ይመስላል። ሰው መንገድ ላይ ቆሞ መኪና የሚያየው ከ1 ሜትር ከ60 ገደማ ከፍታ ነው። በ1 ለ20 ይህ 8 ሳንቲም ነው። ሌንሱን 8 ሳንቲም ላይ አድርጉት። አይወርድም ካላችሁ ስልኩን ገልብጡት፤ ሌንሱ መሬቱን ሊነካ ምንም አይቀረውም። መብራት አንድ ዋና ይሁን፤ ፀሐይ አንድ ናትና ሁለት ጥላ ያለው ታክሲ ማንንም አያታልልም። ኤል ኢ ዲ አምፖል ቪዲዮ ላይ እየተርገበገበ ካስቸገራችሁ፣ የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ሹተሩን (የካሜራውን የመክፈቻ ፍጥነት) 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ አድርጉት። በመስኮት ብርሃን የምትሠሩ ደግሞ ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚቀበለውን የብርሃን መጠን) ቆልፉ። ደመና ባለፈ ቁጥር ምስሉ ሲጨልምና ሲፈካ ዓይን ያደክማል።

መኪናዋን ስታስነዷት በዝግታ አሳዩ። የድሮ ፊልም ሠሪዎች ደንብ አላቸው፤ የስኬሉን ስኩዌር ሩት ያህል አዝግም ይላል። ለ1 ለ24 ወደ 5 እጥፍ ነው። ስልካችሁ በሰከንድ 120 ፍሬም ካነሳና በ24 ካጫወታችሁት፣ ልክ 5 እጥፍ። ያን ጊዜ መኪናዋ ክብደት ያላት ትመስላለች።

ድምፅንም አትናቁ። የከተሩ ድምፅ፣ የብርጭቆ ወረቀቱ ድምፅ። ታዋቂ ዘፈን ከጀርባ አታስገቡ። ባለመብቱ ካስመዘገበው ዩቲዩብ ራሱ ያገኘዋል፤ ገቢው ለእነሱ ሊሄድ ወይም ቪዲዮው ሊታገድ ይችላል።

አሁን ስለ አጀማመራችሁ ልቆጣችሁ ነው። «ሰላም ጤና ይስጥልኝ የተከበራችሁ የቻናላችን ቤተሰቦች፣ እንደምን ሰነበታችሁ፣ ቪዲዮውን ከመጀመራችን በፊት ላይክ ሼር ሰብስክራይብ...» ይህ ሲያልቅ ሰውዬው ሄዷል! ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ ተመልካች የሚወጣበትን ሰዓት የሚያሳይ ግራፍ አለ፤ ክፈቱትና እዩት። ገደሉ ያለው ሰላምታው ላይ ነው። በሩን ይዛችሁ ግቡ። «ይቺ ታክሲ በሯ በየት በኩል ነበር የሚከፈተው?» ብላችሁ ጀምሩ። ሰላምታው በኋላም ይደርሳል፣ ማንም አይቀየማችሁም።

ርዕሱ ላይ «ክፍል 7» ብሎ መጻፍም ይቅርባችሁ። ድራማ አይደለም። አዲስ ሰው ክፍል 7ን ሲያይ ስድስቱን አላየሁም ብሎ ያልፋል። እያንዳንዱ ቪዲዮ ለብቻው የሚቆም ይሁን፤ አንዱ ስለ በሩ፣ አንዱ ስለ ቀለሙ፣ አንዱ ስለ ጣሪያው ዕቃ መጫኛ።

ቁጥር የሚያስጨንቃችሁ አላችሁ። ዩቲዩብ የማስታወቂያ ገቢ ለማካፈል 1,000 ሰብስክራይበርና በ12 ወር ውስጥ 4,000 ሰዓት የታየ ቪዲዮ ይጠይቃል፤ ወይም በ90 ቀን 10 ሚሊዮን የሾርትስ (የአጫጭር ቪዲዮ) ዕይታ። ፕሮግራሙ በሁሉም አገር ስለማይሠራ ያላችሁበት አገር ዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን አስቀድማችሁ እዩ። 4,000 ሰዓት 240,000 ደቂቃ ነው። አንድ ሰው 6 ደቂቃ ቢያይላችሁ 40,000 ጊዜ መታየት አለበት። ይህን ካሰላችሁ በኋላ «ሰብ አድርገኝ ሰብ ላድርግህ» የሚባለው ነገር ለምን እንደማያዋጣ ይገባችኋል። እነዚያ ሰዎች ቁጥሯን ይሞላሉ፣ ደቂቃዋን አይሞሉም። ከዚያም ቪዲዮ ስትለቁ ሰብስክራይብ ያደረገው ሰው እንኳን አይከፍተውም። ደግሞም በዩቲዩብ ደንብ ክልክል ነው።

አንድ ትንሽ ነገር፣ ግን ብዙዎቻችሁ የምትስቷት። ቪዲዮ ስትጭኑ «ለሕፃናት የተሠራ ነው?» ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ። መኪናው ትንሽ ስለሆነ አዎ እንዳትሉ። አዎ ካላችሁ ኮሜንቱ ይዘጋል፤ ያ ስለ በሩ የተከራከረው ሰው ሁሉ ይጠፋል። የእናንተ ተመልካች የ50 ዓመት ሰው ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ከማስታወቂያ ብዙ አትጠብቁ። እኔ በሙያዬ ያየሁት ሌላ ነው። ሪል ስቴቶች ሞዴል ያሠራሉ፣ ሙዚየምና ሆቴል ያሠራሉ፣ የአባቱን ታክሲ ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥ የሚፈልግ ሰውም አለ። እነዚህ ሰዎች ሠሪ ሲፈልጉ የት እንደሚገኝ አያውቁም፤ ቪዲዮአችሁን ካዩ ያውቃሉ። ስልክ ቁጥር ሳይሆን የሥራ ኢሜይል ከቪዲዮው ሥር አስቀምጡ። ሲጽፉላችሁ ዋጋ ለመናገር አትቸኩሉ፤ ቁሳቁሱን ብቻ ሳይሆን ሰዓታችሁን አስሉ፤ የምትቀርጹበትን ጊዜ ጨምራችሁ። ሥራውን በቪዲዮ ማሳየት እንደምትፈልጉም ውሉ ላይ አስፍሩ። ሪል ስቴቶቹ ሽያጭ ሳይጀምሩ ሞዴሉ እንዲወጣባቸው አይፈልጉም፤ ስለዚህ የሚለቀቅበትን ቀን አብራችሁ ወስኑ። ግማሹን ቅድሚያ ሳትቀበሉ ደግሞ ከተር አታንሱ።