ካርታው በሞክሼዎ ስም ነው

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። ቤት ያለን ዴስክቶፕ ከመንቀርፈፉ የተነሳ ጥገና ቤት ወስጄ ዊንዶውስ እንደ አዲስ አስጫንኩት። ልጁ «ሲ ድራይቭን ብቻ ነው ፎርማት ያደረግኩት፣ ዲ አልተነካም» ብሎ ነው የሰጠኝ። እውነቱን ነው፣ ዲ ላይ ያለው ሌላው ነገር ሁሉ ይከፈታል። የፎቶው ፎልደር ግን «አክሰስ ዲናይድ» ይለኛል። የሰርጋችን፣ የልጆቹ ክርስትና፣ የአባቴ የመጨረሻ ፎቶዎች እዚያ ናቸው። የዩዘር ስሜንም ፓስወርዴንም እንደ ድሮው ነው ያደረግኩት። ደውዬ ብጠይቀው «ዲንም ፎርማት ማድረግ ነው እንጂ ሌላ መላ የለውም» አለኝ። የሚጠቅም ከሆነ ልንገርዎት፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ልጆቹ እንዳያጠፉት ብሎ ወንድሜ ፎልደሩን በሆነ መንገድ «ቆልፎልኝ» ነበር። (ከአዳማ)

መልስ፦ ፎርማት የሚለውን ቃል ለጊዜው ከቤትዎ ያስወጡት። ሰውየው ክፉ አስቦ አይመስለኝም፣ ግን እንዲህ ያለ ምክር የስንቱን ቤት አልበም በልቷል።

«አክሰስ ዲናይድ» ማለት «ፋይሉ ጠፍቷል» ማለት አይደለም። «ፋይሉ አለ፣ አንቺን ግን አላውቅሽም» ማለት ነው። ዊንዶውስ ሰውን በስሙ አይለይም። ለእያንዳንዱ ዩዘር «ኤስ-1-5-21» ብሎ የሚጀምር ረጅም ቁጥር ይሰጠዋል፣ በር ላይ ቆሞ የሚያየውም ያንን ቁጥር ነው። ዊንዶውሱ እንደ አዲስ ሲጫን የድሮው ዩዘርዎ ከነቁጥሩ ሄደ። የአዲሱ ስም ያው ነው፣ ፓስወርዱም ያው፣ ቁጥሩ ግን ሌላ። በኮምፒውተሩ ዓይን እርስዎ የድሮዋ ባለቤት ሞክሼ ነዎት እንጂ ራሷ አይደሉም። የፎልደሩ ካርታ ደግሞ አሁንም በእሷ ስም ነው።

ታዲያ ሌላው ሁሉ ሲከፈት ይሄ ብቻ ለምን እምቢ አለ? እዚህ ላይ ነው የወንድምዎ ነገር የሚመጣው። እንደ ዲ ባለ ድራይቭ ላይ ዊንዶውስ በልማዱ ፈቃድ የሚሰጠው ለአንድ ሰው ሳይሆን ለቡድን ነው፣ «አድሚኒስትሬተርስ» (የኮምፒውተሩ አስተዳዳሪዎች) እና «ኦተንቲኬትድ ዩዘርስ» (በዩዘራቸው የገቡ ሁሉ) ለሚባሉት ማለት ነው፣ የእነሱ ቁጥር ደግሞ በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ አንድ ስለሆነ ዊንዶውስ አሥር ጊዜ ቢጫን ግድ የላቸውም። ወንድምዎ ግን ቡድኖቹን አስወጥቶ የእርስዎን ስም ብቻ ሳይተው አልቀረም። ለልጆቹ ጥሩ መላ ነበር። ዊንዶውስ እስኪቀየር ድረስ።

ስለዚህ የሚቀረው ስም ማዛወር ነው። ደግነቱ ይሄኛው ወረፋ የለውም። አድሚን የሆነ ዩዘር በፈቃድ ዝርዝሩ ውስጥ ባይኖርም እንኳ ባለቤትነትን ወደ ራሱ የማዞር መብት አለው። ዊንዶውስ ሲጫን መጀመሪያ የተከፈተው ዩዘር አብዛኛውን ጊዜ አድሚን ነውና እርስዎም ሳይሆኑ አይቀሩም።

መጀመሪያ ቀላሉን ይሞክሩ። ፎልደሩን ሁለቴ ሲጫኑት «ኮንቲኒው» የሚል ቁልፍ ያለው መስኮት ከመጣ ይጫኑትና ይጠብቁ። ላይ ያለው አረንጓዴ መስመር ቀስ ብሎ ይሄዳል። ፎቶው ብዙ ከሆነ ቡና አፍልተው ሦስተኛውን እስኪጠጡ ሊቆይ ይችላል፣ ተጣበቀ ብለው አይዝጉት።

እምቢ ካለ ፎልደሩ ላይ ቀኝ ክሊክ ያድርጉና «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያ «ሴኩሪቲ»፣ ከዚያ «አድቫንስድ» ውስጥ ይግቡ። ላይ «ኦውነር» ከሚለው አጠገብ ያ ረጅም ቁጥር ብቻውን ተቀምጦ ካዩት፣ ወይም ባለቤቱን ማሳየት አልቻልኩም ካለዎት፣ ነገሩ የነገርኩዎት ነው። ጎኑ ያለውን «ቼንጅ» ይጫኑ። በሚመጣው ሳጥን ውስጥ የዩዘር ስምዎን ይጻፉና «ቼክ ኔምስ» ይበሉት፣ ስሙ ከተሰመረበት አውቆዎታል። «ኦኬ» ካሉ በኋላ ከባለቤቱ ስም ሥር አንዲት ትንሽ ሳጥን ትመጣለች፣ «ሪፕሌስ ኦውነር» ብላ የምትጀምር። እሷን ምልክት ያድርጉባት። ብዙ ሰው ይረሳትና ፎልደሩ ተከፍቶ ውስጡ ያለው ሁሉ ተቆልፎ ይቀርበታል። «አፕላይ» ይበሉ።

አሁን ሁሉንም መስኮት በ«ኦኬ» ይዝጉና እንደገና ይግቡ። ይሄን አይዝለሉት፣ ሳይዘጉ ከቀጠሉ አዲሱ ባለቤትነት ገና አይታይምና መልሶ «ዲናይድ» ይላል። ሲመለሱ እዚያው «አድቫንስድ» ውስጥ «አድ» የሚለውን ተጭነው ስምዎን ያስገቡና «ፉል ኮንትሮል» ይስጡት። ደግመው «አድ» ብለው አድሚኒስትሬተርስ የሚባለውን ቡድንም ይጨምሩ፣ የሚቀጥለው ጊዜ ዊንዶውስ ሲቀየር ይሄን ሁሉ የሚያድንዎት እሱ ነው። ከታች «ሪፕሌስ ኦል ቻይልድ» ብላ የምትጀምረውንም ሳጥን ምልክት አድርገው «አፕላይ» ይበሉ። መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ ፈቃዱ ግማሽ መንገድ ቀረ ማለት ነው፣ መብራቱ ሲመጣ ከመጀመሪያው ይጀምሩ።

ይሄ ሁሉ የማይሠራበት ሁኔታ አለ። የፎቶዎቹ ምልክት ላይ ትንሽ የቁልፍ ስዕል ካለ፣ ወንድምዎ ፈቃድ ብቻ አልነበረም የነካው፣ ፋይሉን ራሱን ነው ያመሰጠረው። እሱን የሚፈታው ሰርተፊኬት፣ ማለትም ዲጂታል ቁልፉ፣ ከድሮው ዩዘር ጋር ሲ ላይ ነበር። ወንድምዎን ሌላ ቦታ አስቀምጦት እንደሆነ ይጠይቁት፣ ካላስቀመጠ ስም ማዛወሩ ምንም አይረዳዎትም። የቁልፍ ስዕሉ ያለው ድራይቩ ላይ ከሆነና 48 አሃዝ ያለው ቁጥር ከጠየቀዎት ደግሞ ነገሩ ቢትሎከር የሚባለው፣ ድራይቩን በሙሉ የሚያመሰጥረው የዊንዶውስ መቆለፊያ ነው፣ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ በማይክሮሶፍት አካውንትዎ ውስጥ ይገኛል።

ሌላም አለ። መልእክቱ «ዲናይድ» መሆኑ ቀርቶ «ኮራፕትድ» የሚል ከሆነ፣ ወይም ራሱ ኮምፒውተሩ ዲስኩን ፎርማት ላድርገው ብሎ ከጠየቀዎት፣ እሱ የፈቃድ ጉዳይ አይደለም። ዲስኩ ወይም የፋይል መዝገቡ ተጎድቷል። ያኔ ምንም ሳይነኩ ያጥፉትና ከሁሉ በፊት ፋይል ለሚያወጣ ባለሙያ ይስጡት።

ሲከፈትልዎ ያን ዕለቱኑ ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ይገልብጡት። ደግሞ በቅንፍ፦ ይሄ ዓይነቱ መቆለፍ ከልጆች ይጠብቃል እንጂ ከሌባ አይጠብቅም። ዲስኩን ነቅሎ ሌላ ኮምፒውተር ላይ የሰካ ሰው አሁን እርስዎ የሠሩትን ይሠራና ይገባል። ዕቃ ለጥገና ሲሰጡ ይሄን ያስቡበት።

ጥያቄ፦ አንድ ቪዲዮ አይቼ ሲ ድራይቭን በሙሉ በራሴ ስም አዞርኩትና ለ«ኤቭሪዋን» ፉል ኮንትሮል ሰጠሁት። አሁን ስታርት ሜኑ አይከፈትም፣ ሴቲንግም ብልጭ ብሎ ይጠፋል። እንዴት ልመልሰው? (ከጎንደር)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሲ እንደ ዲ አይደለም። የዊንዶውስ ፋይሎች ባለቤት አብዛኛውን ጊዜ «ትረስትድ ኢንስቶለር» የሚባል የዊንዶውስ የራሱ አገልግሎት ነው፣ አንተም አይደለህም፣ አድሚኑም አይደለም። ሆን ተብሎ ነው። በአንተ ስም የገባ ቫይረስ እንደልቡ እንዳይነካቸው። ያንን በሙሉ አፍርሰህ ነው የመጣኸው።

አንድ በአንድ ልመልስ ብለህ አትድከም፣ እያንዳንዱ ፎልደር የራሱ ዝርዝር አለው፣ ማንም በቃሉ አይዘውም። ዶክመንቶችህን መጀመሪያ አውጣ። ከዚያ ከተጫነልህ ጋር አንድ ዓይነት ኤዲሽንና ቋንቋ ያለው የዊንዶውስ ፍላሽ አዘጋጅና፣ ከፍላሹ ሳታስነሳ፣ ዊንዶውስ ውስጥ ሆነህ ሴታፑን ክፈተው። ፋይሎቼና ፕሮግራሞቼ ይቆዩ የሚለውን ምረጥ። ዊንዶውስን በላዩ ላይ እንደገና ይጭነዋል፣ ፈቃዱም አብሮ ይስተካከላል። በፍላሽ አስነስተህ ከጀመርክ ግን ያ ምርጫ አይመጣልህም።

ጥያቄ፦ ፍላሼ ላይ ያሉት ፎልደሮች ሁሉ ሾርትከት ሆኑ። ፈቃዱን ላስተካክል ብል «ሴኩሪቲ» የሚባል ነገር ጭራሽ የለውም። (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ የለውም፣ ልክ ነህ። ፍላሽህ ፋይል የሚያስቀምጥበት ሥርዓት ፋት32 ወይም ኤክስፋት ይሆናል፣ እነሱ ፈቃድ የሚባል ነገር አያውቁም። ያንተ ቫይረስ ነው። እውነተኞቹን ፎልደሮች ደብቆ በስማቸው ሾርትከት አስቀምጧል። ሾርትከቶቹን እንዳትጫን፣ ቫይረሱን የሚያስነሳው እሱ ነው። «ቪው» ውስጥ ገብተህ የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ በለው፣ «ኦፕሽንስ» ውስጥም የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚለውን ምልክት አንሳ። ፎልደሮችህ ደብዘዝ ብለው ብቅ ይላሉ። በአንቲቫይረስ ፈትሽና እነሱን ብቻ ወደ ኮምፒውተርህ ገልብጥ። ከዚያ በኋላ፣ ለአዳማዋ አንባቢ የከለከልኩትን ፎርማት ለአንተ ፈቅጃለሁ።