ጫማውን ገልብጣችሁ እዩት

ልጆቼ፣

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ውስጥ አንድ የሰፈራችን ልጅ የምረቃ ጋውኑን እንደለበሰ፣ በካልሲ፣ ጫማውን በፌስታል አንጠልጥሎ ሱቄ ገባ። አጎቱ ከአሜሪካ የላከለት ጆርዳን ነው። ለምረቃዬ ብሎ ለዓመታት ከነካርቶኑ አልጋ ሥር አኑሮታል፤ ጭቃ አልነካውም፣ ፀሐይ አላየውም። የዚያን ዕለት ጠዋት አድርጎት ደረጃ ሲወርድ ሶሉ እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረ። "ጋሼ፣ ማስቲሽ ይይዘው ይሆን?" አለኝ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

ማስቲሽ የሚሠራው የሚጣበቅ ነገር ሲተርፍ ነው። የብዙ ስኒከር ሶል መሃሉ ፖሊዩሬቴን ከሚባል አረፋ ይሠራል። ይህ አረፋ የአየሩን እርጥበት እየሳበ በዓመታት ውስጥ ከውስጡ ይፈራርሳል፤ ባይረገጥም። ጫማ እንደ ወርቅ አይቀመጥም። ሶሉን ቀይሬ መደርደሪያ ላይ ያስቀመጥኩትን አንድ ጥቁር የቆዳ ጫማ አውርጄ ሰጠሁት፤ ልክ ሆነውና እየሮጠ ሄደ። እኔ ግን ስለ እሱ ሳስብ ዋልኩ። ይህን የምጽፍላችሁም በእሱ ምክንያት ነው።

ጫማ ስሠራና ስጠግን አርባ ዓመት ሊሆነኝ ነው። የፒያሳው ሱቄ በ2016 ከፈረሰ ወዲህ ብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ነኝ፤ በደጄ የሚያልፍ ወጣት ምን እንዳደረገ ሳልፈልግም አያለሁ። ከወር ደመወዙ የሚበልጥ ጫማ አድርጎ፣ ምሳ ሳይበላ ታክሲ ሰልፍ ላይ የሚቆም ልጅ አውቃለሁ። ማማር መፈለጋችሁን አልነቅፍም። እኔም በበረባሶ ትምህርት ቤት ስሄድ እግሬን ከወንበር ሥር እደብቅ ነበር፤ ስሜቱ ዛሬም አብሮኝ አለ። የሚያንገበግበኝ ይህንኑ ስሜት አጥንተው የሚነግዱበት ሰዎች መኖራቸው ነው።

የጆርዳንን ነገር ውሰዱ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1984 ናይኪ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹን ማይክል ጆርዳንን ሲያስፈርም፣ ልጁ በልቡ የፈለገው አዲዳስን ነበር። ጫማው በ1985 በ65 ዶላር ገበያ ወጣ። የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ ጆርዳን ያደረገውን ጥቁርና ቀይ የናይኪ ጫማ ሲቃወም፣ ኩባንያው ክልከላውን ራሱን ማስታወቂያ አደረገው፤ ሊጉ እናንተን ግን ሊከለክላችሁ አይችልም አለ። በመጀመሪያው ዓመት የ126 ሚሊዮን ዶላር ሽያጭ ሆነ። ቆዳው ቆዳ ነው፣ ክሩም ክር ነው፤ ሰው የገዛው እምቢተኛነቱን ነበር። ዛሬ አንድ ዘፋኝ ቲክቶክ ላይ ካርቶን ከፍቶ ሲያሳያችሁም ጥበቡ ያው ነው። እሱ ተከፍሎት ያደርገዋል፣ እናንተ ከፍላችሁ።

እኔም እጄ አለበት። ወጣት ሳለሁ በምሠራበት ቤት አንድ ነጋዴ የውጭ አገር ስም የተጻፈበት መለያ በከረጢት ሞልቶ አመጣ። ከአንድ ቆዳ ቆርጠን፣ በአንድ ፎርማ ወጥረን፣ በአንድ ማሽን ከሰፋነው ጫማ ግማሹ በራሳችን ምልክት፣ ግማሹ በዚያ ስም ወጣ። የውጭ ስም ያለው በእጥፍ ገደማ ተሸጠ። መለያውን የሰፋሁት በእነዚህ እጆቼ ነው። የገዙት ሰዎች ደስ ብሏቸው ነበር፤ ከሁሉ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

በመስከረም 2016 ትዕግስት አሰፋ በርሊን ላይ 2:11:53 ገብታ የሴቶችን የማራቶን ክብረ ወሰን ስትሰብር እኛም ሱቅ ውስጥ እልል ብለናል። ያደረገችው የአዲዳስ ጫማ 138 ግራም ይመዝናል፣ ሲወጣ ዋጋው 500 ዶላር ነበር፣ መጀመሪያ የቀረበውም 521 ጥንድ ብቻ ነበር። አምራቹ ራሱ፣ ለአንድ ማራቶንና ለመላመጃ ያህል የተሠራ ነው ብሏል። ለእሷ የሥራ መሣሪያዋ ነው። የሜክሲኮ አደባባይ አስፋልት ላይ ለሚውል ሰው ግን ወሩን የሚጨርስ አይመስለኝም። አበበ ቢቂላም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ አሸነፈ፤ እግሩ ያው እግር ነበር።

እንግዲህ ስትገዙ ኦርጅናል ነው ኮፒ የሚለውን ጥያቄ ለጊዜው ተዉት። ወደ ማታ ሂዱ፤ እግር ቀን ሲቆም ሲሄድ ውሎ ያብጣል። ሁለቱንም አድርጋችሁ ቁሙ፤ ከረጅሙ ጣታችሁ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ይትረፍ። ተረከዙን ከኋላ ጫን አድርጉት፤ እንደ ጨርቅ ከታጠፈ እግራችሁን አይደግፍም። ከዚያ አጥፉት፤ መታጠፍ ያለበት ጣቶቻችሁ በሚታጠፉበት ላይ ነው፣ ወገቡ ላይ ከተቀነጠሰ መልሱት። በመጨረሻም ገልብጡት፣ ሶሉና ቆዳው የተገናኙበትን ዙሪያውን በጥፍራችሁ ፈትሹ። እዚያ ጋ የታዋቂ ሰው ስም አይረዳም።

እርግጠኛ ካልሆናችሁ፣ ሻጩ ከፈቀደላችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይዛችሁልኝ ኑ። ፎቶውን አይደለም፣ ጫማውን። እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት አለሁ፤ አብረን እናየዋለን፣ ለዚህ አላስከፍልም።