አሮጌውን ላፕቶፕ በአዲስ ስንቀይር፦ የጎንደር አንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ አዲስ ላፕቶፕ ስለመግዛት ናቸው። የሚከብደው ግን ከግዢው ይልቅ ርክክቡ ነው፤ ስለዚህ ለሁላችሁም የምንለው አንድ ነገር አለ፦ አዲሱ ሥራችሁን በትክክል መክፈቱን በዓይናችሁ ሳታዩ አሮጌውን አትሽጡ፣ ለማንም አትስጡ።

«ላፕቶፔ ኮር አይ3 ነው፣ ራሙ 4 ጂቢ። ከፍቼው ሥራ እስኪጀምር ቡና ይፈላል። ዊንዶውስ 10 አብቅቷልም ይሉኛል። የግድ ልቀይረው?» (ተማሪ፣ ማራኪ)

አትቸኩይ። መጀመሪያ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኚና «ፐርፎርማንስ» የሚለውን ክፈቺ። «ዲስክ» ሥር ኤችዲዲ (የሚሽከረከረው የድሮ ዓይነት ዲስክ) የሚል ካለና ምንም ሳትሠሪ 100 ፐርሰንት ላይ ከቆመ፣ የሚያንቀራፍፈው ዲስኩ ነው። ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ማከማቻ)፣ 256 ጂቢ፣ አስገጥመሽ ራሙን 8 ብታደርሺው ሌላ ዕቃ ይሆናል። ራም ከመግዛትሽ በፊት ዲዲአር3 ይሁን ዲዲአር4 አረጋግጪ፤ አንዱ የሌላው ቦታ ላይ አይገባም።

ቀጥሎ የፕሮሰሰሩን ቁጥር ተመልከቺ፤ «ሴቲንግ»፣ «ሲስተም»፣ «አባውት» ውስጥ ተጽፏል። ከሰረዙ በኋላ በ8 የሚጀምር ከሆነ (ለምሳሌ 8250) ስምንተኛ ትውልድ ነው፤ ዊንዶውስ 11 በአጠቃላይ ከዚያ ጀምሮ ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ይቀበላል። በ6 ወይም በ7 የሚጀምር ከሆነ በይፋ አይቀበለውም። ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል። ያ ማለት ላፕቶፑ ይጠፋል ማለት ሳይሆን መደበኛው የደኅንነት ማሻሻያ ቀረ ማለት ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍ ይበቃል፤ የባንክ ሥራ ግን ባትሠሪበት ይሻላል።

«ፒያሳ ላይ በአንድ ዋጋ ሁለት አሳዩኝ፦ ካርቶኑ ያልተከፈተ ሴሌሮንና ያገለገለ ኮር አይ5። አዲሱ አይሻልም?» (ነጋዴ)

አይሻልም፤ ሴሌሮን ከኮር አይ5 የደከመ ፕሮሰሰር ነው። እንዲህ ያሉት ርካሽ አዲሶች ብዙውን ጊዜ 4 ጂቢ ራም ከቦርዱ ጋር የተበየደ፣ ማከማቻቸውም 64 ወይም 128 ጂቢ ኢኤምኤምሲ ነው። ኢኤምኤምሲ ከኤስኤስዲ በጣም ይዘገያል፤ አውጥቶ መቀየርም አይቻልም። አንዳንዶቹ ደግሞ «ኤስ ሞድ» ላይ ናቸው፤ ከማይክሮሶፍት ስቶር ውጭ የአማርኛ መጻፊያውን ፓወር ግዕዝን ጨምሮ ምንም አያስጭኑም። ከኤስ ሞድ ማስወጣት በነጻ ነው፣ መመለሻ ግን የለውም።

ያገለገለውን ሲወስዱ ግን ሱቁ ውስጥ ጊዜ ይውሰዱ። ቻርጀሩን ነቅለው ቪዲዮ እያጫወቱ 20 ደቂቃ ይጠብቁ። የትእዛዝ መስኮቱን (ሲኤምዲ) አስከፍተው በእንግሊዝኛ ፊደል «ፓወርሲኤፍጂ»፣ ክፍት ቦታ፣ ስላሽ፣ «ባተሪሪፖርት» ብለው ያጽፉ። በሚወጣው ፋይል ውስጥ «ዲዛይን ካፓሲቲ» 50,000፣ «ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ» 30,000 ካለ ባትሪው የቀረው 60 ፐርሰንት ነው፤ ዋጋ ያስቀንሱበት። ብዙዎቹ ከውጭ ድርጅቶች የወጡ ናቸውና ሻጩ «ሪሴት» አድርጎ ከኢንተርኔት ጋር ሲያገናኘው የማያውቁት ድርጅት ስም መጥቶ የሠራተኛ ኢሜይል ከጠየቀ ትተውት ይውጡ። ዛሬ ቢታለፍም ሌላ ቀን ፎርማት ሲደረግ ተመልሶ ይመጣል።

«የአሥር ዓመት ደብዳቤዎቼን ወደ አዲሱ ገለበጥኩ። ስከፍታቸው አማርኛው ጠፍቶ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ብቻ ነው። ተበላሹ?» (የቢሮ ጸሐፊ፣ አዘዞ)

አልተበላሹም፤ የጠፋው ፎንቱ ነው። በድሮው ቪዥዋል ግዕዝና መሰል ፎንቶች የተጻፈ አማርኛ ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው በላቲን ፊደላት ቁጥር ነው፤ አማርኛ የሚያስመስለው ያ ፎንት ብቻ ነው። ስለዚህ ፎንቱን ወደ ኒያላ (የዊንዶውስ የአማርኛ ፎንት) ቢቀይሩትም አይመለስም።

አሮጌው ላፕቶፕ እጅዎ ላይ ካለ ነገሩ ቀላል ነው። ደብዳቤውን እዚያ ይክፈቱ፣ ጽሑፉ መሀል ጠቅ ያድርጉና ዎርድ ላይ ከላይ የሚታየውን የፎንት ስም ይመዝግቡ። ሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ፣ «ፎንትስ» ገብተው ያንን ፎንት ወደ ፍላሽ ይገልብጡ። አንድ ፎንት ሁለትና ሦስት ፋይል ሊሆን ይችላልና ስሙ የሚመሳሰለውን ሁሉ ይውሰዱ። አዲሱ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርገው «ኢንስቶል ፎር ኦል ዩዘርስ» ይበሉና ዎርድን ዘግተው ይክፈቱ። ማኅተም ያረፈባቸውንና የማይቀየሩትን ግን እዚያው አሮጌው ላይ ፒዲኤፍ አድርገው ያስቀምጡ፤ ፒዲኤፍ ፎንቱን ይዞ ይሄዳል።

የትኛው ፋይል ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለመለየት አንድ መስመር ኮፒ አድርገው ኖትፓድ ላይ ይለጥፉ። አማርኛ ሆኖ ከታየ ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጥ የጋራ አሠራር) ነው፣ የትም ይከፈታል። ካልሆነ ከላይ ያለውን ያድርጉ። ከእንግዲህ የሚጽፉትን በዩኒኮድ ይጻፉ፤ የአማርኛ ኪቦርድ ዊንዶውስ ውስጥ «ላንጉጅ» ላይ አለ። ኒያላ ካጡ «ኦፕሽናል ፊቸርስ» ውስጥ የኢትዮጵያ ፊደል ተጨማሪ ፎንቶች በሚለው ይወርዳል።

«ዴስክቶፕ ላይ ያለውን ፒችትሪ በፍላሽ ወሰድኩት፤ አዲሱ ላይ አልከፍት አለ።» (የሂሳብ ሠራተኛ፣ ቸቸላ)

የወሰዱት የሂሳብ ፕሮግራሙን የፒችትሪን አቋራጭ (ሾርትከት) ብቻ ነው፤ መጠኑን ቢያዩት ጥቂት ኪሎባይት ብቻ ነው። ሂሳቡ አሁንም አሮጌው ውስጥ አለ። እዚያ ፒችትሪን ከፍተው «ፋይል»፣ «ባክ አፕ» ይበሉ፤ ፒቲቢ በሚል የሚያልቅ ፋይል ይሰጥዎታል። አዲሱ ላይ ያንኑ የፒችትሪ እትም ጭነው «ሪስቶር» ያድርጉ። ከዚያ የሁለቱንም ትሪያል ባላንስ ጎን ለጎን አውጥተው ድምሩን እስከ ሳንቲሙ ያመሳክሩ።

አንድ ነገር እንጨምር፦ ፍላሽዎ በፋት32 ዓይነት ፎርማት የተደረገ ከሆነ ከ4 ጂቢ በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል አይቀበልም፤ ባዶ ቦታ እያለው «ፋይሉ ትልቅ ነው» ይላል። ውስጡ ያለውን ካወጡ በኋላ ኤክስፋት አድርገው ፎርማት ያድርጉት።

«መጀመሪያ ቀን የገዛሁት የኢንተርኔት ፓኬጅ በአንድ ማታ አለቀ።»

የበላው የዊንዶውስ ማሻሻያ ነው፤ የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማከማቻ የሆነው ዋንድራይቭም ፎቶዎን ወደ ኢንተርኔት ሲያወጣ አምሽቶ ይሆናል። የስልክዎ ሆትስፖት እንደተገናኘ «ኔትዎርክ» ውስጥ ገብተው «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን ያብሩ። ትልልቁን ማውረድ ያቆማል፤ ዋንድራይቭም ራሱ ቀጥ ይላል። ማሻሻያውን ዋይፋይ ካለበት ቦታ ያውርዱ።

«ቻርጀሩ ባለ አራት ማዕዘን ሦስት ጥርሶች ያሉት ነው። መብራቱስ አያቃጥለውም?»

ቻርጀሩ ላይ 100–240 ቮልት የሚል ካለ የእኛ 220 አይጎዳውም። ለሶኬቱ አዳፕተር ይበቃል፤ ከለቀቀና ከሞቀ ግን ይቀይሩት፣ ወይም ሶኬት የሚገባውን ገመድ ብቻ ለይተው ይግዙ። መብራት ሲጠፋ ይንቀሉ፤ ተመልሶ ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ቆይተው ይሰኩ። ክረምት ላይ መብረቅ ሲበዛም እንዲሁ።

«አሮጌውን ልሸጠው ነው። ፋይሎቹን ዲሊት ማድረግ ይበቃል?»

አይበቃም፤ በነጻ ፕሮግራም ይመለሳሉ። «ሪሴት ዚስ ፒሲ»፣ «ሪሙቭ ኤቭሪቲንግ» ብለው «ክሊን ዳታ» የሚለውን ያብሩ። ኤችዲዲ ላይ ሰዓታት ይፈጃል። የአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ የሞተ ነውና መብራት መሀል ላይ ከሄደ ዊንዶውሱ ሳይነሳ ይቀራል፤ ጀነሬተር ያለበት ቦታ ወስደው ይጀምሩት።